ጡጦ በዚህ በር አያልፍም

ገብረመስቀል ስሙ ከቁመቱ ይረዝማል። ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ሲቆም የአባቱ ጉልበት ላይ ቢደርስ ነው፤ ስሙ ግን የንጉሥ ነው። ያወጡለት የእናቱ አባት ናቸው። ከብልባላ ድረስ መጥተው «በላስታ ምድር ተወልዶ የማይታወቅ ስም እንዳትሰጡብኝ» ብለው አስጠንቅቀው ሄዱ። ታዲያ ይህ ባለ ትልቅ ስም ሰውዬ አንድ አመል ነበረችበት፦ ያለ ጡጦ አይኖርም። ጡጦ ይዞ ይተኛል፣ ጡጦ ይዞ ይነሣል፣ ጡጦውን በጥርሱ ነክሶ የጎረቤት ዶሮ ያባርራል። እንግዳ ሊስመው ሲጎነበስ እንኳ ጡጦውን ካፉ አያወጣም፤ ጉንጩን ብቻ ያቀርባል።

እናቱ ሰብሌ ሰው ፊት አብራ ትስቃለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ራሷን ትወቅሳለች፤ ምክንያቱም ጡጦ ያስለመደችው እሷ ናት። ገና ከአራስ ቤት በወጣች ሰሞን ታይፎይድ ይዟት አልጋ ላይ ወደቀች፣ ጡቷም ደረቀ። ባሏ ባምላክ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ተሳፋሪውን ሁሉ መንገድ ላይ አውርዶ ላሊበላን ከላይ እስከ ታች ጡጦ ፍለጋ ዞራት። ልጁ ጠጣ፣ አደገ፣ እናቱም ዳነች። ጡጦው ግን ቀረ። «ያኔ ጡጦው ባይኖር ልጄን ምን ይውጠው ነበር?» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ልጁን እኮ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ባምላክ ለሁለቱም «እሺ» ነው የሚላት። ኑሮ የገባው ባል ነው።

ሰብሌ የሾርባ ሰው ናት። ይህን ካልነገርኳችሁ ሰብሌን አላወቃችኋትም። ከብልባላ ለትምህርት መጥታ አክስቷ ቤት ተቀመጠች፤ ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ ሆቴል ሳህን አጣቢ ሆና ገባች። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ታሞ ቀረ፣ እንግዳው ደግሞ ግጥም ብሎ ነበር። «ማን ይሥራ?» ሲባል ሰብሌ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጭልፋውን አነሣች። ከዚያ ወዲያ ሳህን ያጠበ ሌላ ነው። ፈረንጆቹ የአሸተን ማርያምን ተራራ ወጥተው፣ ደክሟቸው ሲመለሱ፣ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ የሷን የምስር ሾርባ ይጠይቁ ነበር። አንዱማ ሽማግሌ ሳህኑን ይዞ ማዕድ ቤት ድረስ ገብቶ በእጅ ምልክት ድገሚኝ ብሏታል። ያንን ቀን እስከ ዛሬ ታወራዋለች፤ ባወራችው ቁጥር ሽማግሌው ትንሽ ይረዝማል።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳ ጠፋ፣ ሆቴሉ ተዘጋ። ሰብሌ ቤቷ ገባች። ባምላክን አገባች፣ ልጅ ወለደች፤ ደስ አላላትም ማለት አይቻልም። ግን ትልቁን ድስት ለለመደች ሴት ለሦስት ሰው ሾርባ መሥራት ምን ዋጋ አለው? ያውም አንደኛው ጡጦውን ካፉ የማያወጣ! አንዳንዴ ምስሩን ታበዛውና ለጎረቤት ሁሉ ታድላለች። ጎረቤቱ ይመርቃታል፣ እሷ ግን ምርቃቱ አያጠግባትም። የናፈቃት ሌላ ነው፤ የማዕድ ቤቱ ጫጫታ፣ «ሰብሌ፣ ስምንት ሾርባ!» የሚለው ጥሪ ነው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ስልኳ ጮኸ። የሆቴሉ ኃላፊ ጋሽ ታፈረ ነበሩ።

«ሰብሌ፣ ልንከፍት ነው» አሏት። «ለገና የሚመጣ እንግዳ ካሁኑ አልጋ እየያዘ ነው። ምድጃሽ ይጠብቅሻል። ግን ሰኞ ጠዋት እንዳትቀሪብኝ፤ ከቀረሽ ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው፣ ምርጫ የለኝም።»

«ኧረ እመጣለሁ! በማርያም እመጣለሁ!»

ስልኩን ዘግታ ብቻዋን እልል አለች። ገብረመስቀልም ጡጦውን ወደ ላይ አንሥቶ አብሯት ጮኸ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባው ማለት ነው። ያኔ ነው ትዝ ያላት። ይህንን ልጅ ማን ይይዝላታል?

በሰፈሩ ልጅ የሚይዙ አንድ ሰው ናቸው፤ እትዬ ገለቴ። ሰፋ ያለ ግቢ አላቸው፣ እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉ ልጆችን ሰብስበው ያውላሉ። እጃቸው ንጹሕ፣ ልባቸው ሩኅሩኅ፣ ምላሳቸው ግን ምሕረት የለውም። ሰብሌ ልጇን አዝላ ስትሄድ በር ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ዓይናቸው የልጁ አፍ ላይ ነበር።

«ልጁን አምጪው» አሉ። «ጡጦው ግን በዚህ በር አያልፍም።»

«እትዬ ገለቴ፣ እሱ እኮ ያለ ጡጦ…»

«አያልፍም አልኩሽ። አምና የአንዱን ጡጦ አንዱ እየጠባ ሁሉም ባንዴ ተቅማጥ ያዛቸው። የዚያን ሳምንት ነገር አታስታውሽኝ፣ እህል ከመብላትሽ በፊት መስማት የለብሽም። የጤና ኤክስቴንሽኗም መጥታ ‹ጡጦ ማጠብ ከባድ ነው፣ ኩባያ ይልመዱ› ብላናለች። ሰኞ ጠዋት ይዘሽው ነይ፣ እዚሁ ፊቴ በኩባያ ይጠጣ። ከጠጣ ልጄ ነው። ካልጠጣ ግን እንዳመጣሽው ትመልሽዋለሽ።»

ገብረመስቀል ጡጦውን ጠበቅ አድርጎ ነከሰ። የገባው ይመስላል።

ሰብሌ ቤት ገብታ ለባምላክ ነገረችው። ባምላክ ሳቀ። «በዚህ ነው እንዴ ፊትሽ የጠቆረው? ኩባያ መምረጥ ነው እኮ! ይኼንንማ ለኔ ተዪው።»

ባምላክ ሲመርጥ አይታችሁት አታውቁም። ለፋሲካ በግ ሲገዛ ገበያው ውስጥ ያለውን በግ ሁሉ ጥርስ ካላየ አይመለስም፤ በጎቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። እናም ባጃጁን አስነሥቶ ኸዲጃ ሱቅ ሄደ። ኸዲጃ ከወልድያ በኩል መጥታ ላሊበላ ሱቅ የከፈተች ነጋዴ ናት፤ ዕቃዋን የሚያመላልስላት ባምላክ ነው፤ ሲገናኙ ካልተፎጋገሩ ቀኑ አይመሽላቸውም።

«አብሽር፣ መጥተህ መጥተህ ደህና ቦታ ነው የመጣኸው» አለችውና ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሰማያዊ ኩባያ አወረደች። ክዳኑ ላይ እንደ ወፍ አፍ ወጣ ያለ መጠጫ አለው። «ያሁን ዘመን ልጅ በዚህ ነው የሚጠጣ። ቢወድቅ አይሰበር፣ ቢገለበጥ አይፈስ።»

«ዕውነት አይፈስም?»

«ወላሂ ጠብ አትልም!»

ባምላክ ውኃ አስሞልቶ ራሱ አናት ላይ ገለበጠው። ጠብ አላለም። በደስታ እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ገብረመስቀል ኩባያውን ተቀበለ፣ ጠባ። ምንም የለም። ደግሞ ጠባ፣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በመጨረሻ ወርውሮት «ጡጦ!» ብሎ ጮኸ። ሰብሌ አንሥታ ራሷ ሞከረች፤ ዓይኗ እስኪፈጥ ሳበች፣ አንዲት ጠብታ አልመጣላትም። ባምላክም ተቀብሎ ሳበ።

«እንዴ! አንተ፣ ይኼ እኮ ለሚጠጣውም አይፈስም!»

«አይፈስም ብላኝ ነበር» አለ ባምላክ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ግን እጁን አይሰጥም። ካቻቢቴ አምጥቶ ክዳኑን ፈታታው፤ ውስጡ ትንሽ ጎማ አገኘ። «ይኼውልሽ ጥፋተኛው!» ብሎ ጎማዋን ነቅሎ ጣለ። አሁን ደግሞ ወተቱ ባንዴ ግልብጥ ብሎ የገብረመስቀል ደረት ላይ ፈሰሰ። ልጁ ያን ዕለት የጮኸው ጩኸት ቤተ ጊዮርጊስ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

በማግሥቱ ባምላክ ሌላ ኩባያ ይዞ መጣ። ይኼኛው መምጠጫ ቱቦ፣ ስትሮ የሚሉት፣ ያለው ነው። ገብረመስቀል ስትሮውን አፉ ውስጥ ከተተና ነፋ። ወተቱ ብልቅልቅ አለ። ዓይኑ በራ! ደግሞ ነፋ። አረፋው ከኩባያው አፍ ወጥቶ ወለሉን ሞላው፤ ልጁ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ማታውን ሙሉ ሲነፋ አመሸ፤ አንድ ጉንጭ እንኳ ግን አልጠጣም።

«ቢያንስ ተዋወቁ» አለ ባምላክ።

«አፍህን ዝጋና ወለሉን ጥረግ!» አለችው ሰብሌ። እሷ መሳቅ አልቻለችም። ሰኞ እየቀረበ ነው።

ሦስተኛው ሁለት እጀታ ያለው፣ ዝሆን የተሣለበት ቀይ ኩባያ ነበር። ያንን ገብረመስቀል ወደደው። ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶት ግቢውን እየዞረ ዋለ። ወተት ተደርጎበት ሲሰጠው ግን ቅዝዝ ብሎ አየውና ለዶሮዎቹ ደፋላቸው። ዶሮዎቹ ጠጡት።

ባምላክ ይህንን ሲያወራላት ኸዲጃ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የምትጠጣው አንተ ነህ ወይስ ልጁ ነው? አንተ እየመረጥክ እሱ እንዴት ይጠጣ? አምጡትና ራሱ ይምረጥ!»

እንደተባለው ዓርብ ዕለት ሰብሌ ልጇን ይዛ ሄደች። ኸዲጃ ያላትን ኩባያ ሁሉ መሬት ላይ ደረደረችለት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ድመት ያለበት፣ መኪና ያለበት። ገብረመስቀል እጁን ወደኋላ አድርጎ እንደ ሽማግሌ አያቸው። ከዚያ ሁሉንም አልፎ ሄደና ግድግዳው ላይ፣ ከማንቆርቆሪያዎቹ መሀል፣ በሚስማር ወደ ተሰቀለች ነጭ የብረት ጣሳ ጣቱን ቀሰረ። «እ! እ!»

«ይቺን?» አለች ኸዲጃ። «ይቺ እኮ ተራ ጣሳ ናት የኔ ጌታ።»

«ተይው ኸዲጃ፣ ብረት አይቶ ነው። ጥርሱን ይመታዋል» አለች ሰብሌና መኪና ያለበትን አረንጓዴ ኩባያ አነሣች። ገብረመስቀል ተንጋሎ አለቀሰ። ከሱቁ እስኪወጡ፣ ከወጡም በኋላ፣ ዓይኑን ከጣሳዋ ላይ አልነቀለም። እናቱ ልብ አላለችውም። በአረንጓዴው ኩባያም አልጠጣበትም።

ቅዳሜ ሲመሽ ሰብሌ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከፊቷ ሁሉም ኩባያ ተደርድሯል፤ ልጇ ደግሞ ጡጦውን እየጠባ በሰላም ይጫወታል።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ ለጋሽ ታፈረ እደውልና ሌላ ሰው ይፈልጉ እላቸዋለሁ» አለች።

«ኧረ ሰብልዬ፣ አትቸኩዪ…»

«ምን አትቸኩዪ ትለኛለህ? በራሴ እጅ ነው ያስለመድኩት። በልጄም በሥራዬም የፈረድኩት እኔው ነኝ።»

ባምላክ አጠገቧ ተቀምጦ ቀዩን ኩባያ በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ በራቸው ተንኳኳ። የጎረቤታቸው ሚስት ምጥ ይዟታል። ባምላክ ሱሪውን እንደ ምንም አጥልቆ ባጃጁን አስነሣ። «ልጁን አንቺ ይዘሽው ሂጂ፤ እንዳይቀርበት!» ብሎ ጮኾ ሄደ። ገብረመስቀልን በየጊዜው የሚያቆርበው እሱ ነው፤ ከወንዶቹ ጋር ይዞት ይቆማል። ሰብሌ ከሴቶቹ በኩል ነው የምትቆመው፤ በዚያ ሕዝብ መሀል ደግሞ አንዱ ሌላውን አያየውም። ልጇን ይዛ ወደ ቁርባኑ ስትቀርብ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

ሕፃናት ቀድመው ይቆርባሉ። ሰብሌ ጡጦውን ቤት ትታ፣ ልጇን ታቅፋ በቤተ ማርያም ግቢ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ተሰለፈች። ገብረመስቀል እንዲያ ያለ ጨዋ ሆኖ አያውቅም፤ ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ አፉን በነጠላዋ ስትሸፍንለት ጸጥ አለ። ከዚያ ሰልፉ ሰውነት ወደሚባለው ዲያቆን ወሰዳቸው። ዲያቆን ሰውነት ለቆራቢዎቹ የቅዳሴ ጠበል የሚሰጠው ነው፤ በእጁ ነጭ የብረት ጣሳ ይዟል።

ሰብሌ ጣሳውን አየች። በኩባያ ነው! ቢተፋውስ? ቁርባን የተቀበለ አፍ ቢተፋ ምን ይባላል? በስመ አብ!

«እሱ… እሱ በኩባያ አይጠጣም!» አለች፣ በሹክሹክታ ልትል አስባ ጮክ ብሎ ወጣባት። ኋላ ያሉት ሁሉ ቀና ብለው አዩአት።

ዲያቆን ሰውነት ግራ ተጋብቶ ልጁን አየ፣ እሷን አየ። «ገብረመስቀል? እሱማ ሁልጊዜ ይጠጣል። ነጠላሽን ካገጩ ሥር ያዢለት ብቻ።»

የነጠላዋን ጫፍ ካገጩ ሥር ዘረጋች። ገብረመስቀል ሁለት እጁን አወጣ። ጣሳውን ግራና ቀኝ ያዘ፣ ወደ አፉ አቀረበ፣ ጠጣ። ቀና አላለም፣ አልተነፈሰም፣ እስከ መጨረሻው ጠጣ። ጣሳውን መለሰና እንደ ቆራቢ ሁሉ ትንሿን መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ ወደ እናቱ ዞረ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። ሰብሌ አፏን ይዛ ቀረች፤ እናትና ልጅ አፋቸውን ይዘው ተፋጠጡ።

ቅዳሴው ሲያበቃ ወደ ዲያቆኑ ተመልሳ «ቤትም እንዲህ አድርጌ ባጠጣው ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለችው።

«ውኃ በጨዋ ደንብ መጠጣት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው?» አለና ሳቀ።

ባምላክ ከግቢው በላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ባጃጁ ላይ ተደግፎ ይጠብቃቸዋል። ፊቱ በደስታ ፈክቷል። «ሴት ልጅ! ደህና ተገላገለች! ጤና ጣቢያው በር ላይ ልትወልድብኝ ነበር እኮ…»

«እሰይ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። አሁን አንተ ሰው፣ ስማኝ። ልጁ በኩባያ ይጠጣል!»

«የት?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ! ካንተ ጋር! በየጊዜው!»

ባምላክ ከባጃጁ ቀና አለ። «ያ? ያ እኮ ጠበል ነው።»

«ጠበልስ በምንድን ነው የጠጣው? በጡጦ?»

«አይ… በጣሳ ነው እንጂ። ግን ሰብልዬ፣ ጠበል እኮ መጠጥ አይባልም! መጠጥ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ እኔ እንዴት…» ወደ ልጁ ዞረ። ልጁ አየው። ሳምንቱን ሙሉ ካቻቢቴና ስትሮ ይዞ ሲዋጋ የከረመው አባት፣ መልሱን በየጊዜው በገዛ እጁ ታቅፎት ይሄድ ነበር። ባምላክ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ እሷም አልቻለችም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያማት ሳቀች። መንገደኛው ሁሉ እነዚህ ባልና ሚስት ከቅዳሴ መልስ ምን ነካቸው ብሎ አለፈ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ኸዲጃ ሱቅ ነጎዱ። ኸዲጃ ነገሩን ሰምታ ጣሳዋን ከሚስማሩ አወረደች።

«ልጁ እኮ በጣቱ ጠቁሟችሁ ነበር» አለች። «አፉን አልፈታም እንጂ ሁላችንንም በሰደበን ነበር!»

ያን ዕለት ገብረመስቀል በጣሳው ውኃ ጠጣ፣ ወተት ጠጣ፣ የእናቱን ሾርባ ሳይቀር ጠጣ። አባቱ ጋቢውን ካገጩ ሥር ይዞለት፣ እሱ ቆሞ፣ ጨርሶ መዳፉን አፉ ላይ እየጫነ። ጡጦውን ሰብሌ አጥባ፣ አድርቃ፣ ቁምሳጥን አናት ላይ አስቀመጠችው። ልትጥለው አልቻለችም፤ ልጇን ያሳደገ ጡጦ ነው።

ሰኞ ጠዋት ባምላክ እትዬ ገለቴ በር ላይ አወረዳቸውና ተሳፋሪ ጠርቶት ከነፈ። ባጃጁ ኩርባውን ከዞረ በኋላ ነው ሰብሌ ባዶ እጇን ያየችው። ጣሳው ወንበሩ ላይ ቀርቷል! ደወለች። ባምላክ እየነዳ ስልክ አያነሣም፤ ይህንንም ያስማለችው እሷ ራሷ ናት። ጉድ ፈላ!

እትዬ ገለቴ በሩን ከፈቱ። ወደ ልጁ አፍ አዩ፤ ጡጦ የለም። «መልካም» አሉና ውኃ የሞላ ቢጫ የፕላስቲክ ኩባያ አመጡ። «እንየው እስቲ።»

ገብረመስቀል ኩባያውን አየና ፊቱን አዞረ። እትዬ ገለቴ ደግመው አቀረቡለት። በክርኑ ገፋው።

«እንግዲህ ልጄ…» አሉ እትዬ ገለቴ። ምላሳቸው እንኳ ያን ጊዜ ለስልሶ ነበር። «እኔም ደስ አይለኝም፤ ግን አንዴ ከፈቀድኩ…»

«እትዬ ገለቴ፣ አንዴ ብቻ ይታገሡኝ።» አለች ሰብሌ። ጣሳ የላትም። ምን አላት? ወደ ራሷ አየች። ነጠላዋን ለብሳለች።

ተንበረከከች። ልጇን ቀጥ አድርጋ አቆመችውና የነጠላዋን ጫፍ ካገጩ ሥር ዘረጋች፤ በሌላ እጇ ቢጫውን ኩባያ አቀረበችለት። ገብረመስቀል ኩባያውን አየ። ነጠላውን አየ። የእናቱን ፊት አየ። ከዚያ ሁለት እጁን አውጥቶ ግራና ቀኝ ያዘና እስከ መጨረሻው ግጥም አድርጎ ጠጣ። መለሰላት። መዳፉንም አፉ ላይ ጫነ።

እትዬ ገለቴ ኩባያውን ተቀብለው ገልብጠው አዩት። «ይኼ ልጅ… ቄስ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ግባ አባቴ፣ ግባ። አንቺም ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል!»

ገብረመስቀል ሳያለቅስ ገባ። ያለቀሰችው እናቱ ናት፤ ዳገቱን እየወጣች፣ እንባዋን እየጠረገች፣ እየሳቀችም። ጋሽ ታፈረ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ ደረሰች። ምድጃዋ እዚያው ነበር። ጭልፋዋም። ምስሩን ስትለቅም እጇ ምንም አልረሳም። ቀትር ላይ «ሰብሌ፣ ለሠራተኛው ሁሉ ሾርባ!» የሚል ጥሪ ስትሰማ «መጣሁ!» ብላ የመለሰችው ድምፅ መንገድ ድረስ ተሰማ።

አመሻሽ ላይ ወደ እትዬ ገለቴ ግቢ እየሮጠች መጣች። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲከነክናት ነበር፤ ጡጦውንም ተወ፣ እኔንም ሳያለቅስ ተወኝ፣ አሁን ምን ልሁነው ስትል ውላለች። በሩን ስታንኳኳ እትዬ ገለቴ ወገባቸውን ይዘው ወጡ።

«ነይ ግቢ፣ ልጅሽ ያደረገኝን እይ!»

ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ውኃ የሚጠጡበት ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ሕፃን እትዬ ገለቴ ሻሻቸውን ካገጩ ሥር ካልያዙለት አልጠጣም ይላል፤ የጠጣው ሁሉ መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ ጸጥ ይላል። «ከጧት ጀምሮ ሻሽ ይዤ ስንበረከክ ዋልኩ! ጉልበቴን ጨረሰው!» ይላሉ፤ ግን ፊታቸው ይስቃል። «እንዲህ ጸጥ ያሉበትን ቀን ደግሞ አይቼ አላውቅም።»

ገብረመስቀል እናቱን አየ። ቢጫውን ኩባያ ከእትዬ ገለቴ እጅ ተቀብሎ፣ ግማሹን እያፈሰሰ፣ በዚያች አጭር እግሩ ወደሷ መጣ። ሰብሌ እቅፏን ዘርግታ ተንበረከከች። እሱ ግን መታቀፍ አልፈለገም። ኩባያውን ወደ አፏ አቀረበ። ከዚያ ቆም ብሎ አሰበ፤ የረሳው ነገር ነበር። በትንሽ እጁ የነጠላዋን ጫፍ ፈልጎ ያዘና ካገጯ ሥር ዘረጋላት።

ሰብሌ ጠጣች። እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ስትጨርስ ልጁ አፏን እያየ ይጠብቃት ነበርና፣ እሷም መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ልጇን አቅፋ፣ እትዬ ገለቴን አመስግና ወደ ቤቷ ሄደች።